«ወይም» የምትለው ቃል፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ማን ይምረጥ?

ጠበቃው፦ ትናንት እዚህ «የፌዴሬሽን ምክር ቤት የብሔሮች ድምፅ ስለሆነ የሕዝብ ምርጫ አያስፈልገውም» ተብሎ መጻፉ አሳዝኖኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን በራሳቸው «ወይም» በቀጥታ በሕዝብ እንዲያስመርጡ ፈቅዷል። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀበት ከ1987 ጀምሮ ግን ክልሎች የያዙት የመጀመሪያውን መንገድ ነው።

የአርባ ምንጩ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልለውጠውም። «ወይም» ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። አንድ መቀመጫ ብቻ ላለው አነስተኛ ብሔረሰብ ክልሉ በሙሉ ድምፅ ይስጥ ቢባል፣ ተወካዩን የሚመርጡለት በቁጥር የሚበልጡት ጎረቤቶቹ ናቸው።

ጠበቃው፦ ዛሬስ የሚመርጥለት በክልሉ ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ የያዘው ፓርቲ አይደለምን?

መምህርቷ፦ ይህ ምክር ቤት ሕግ ባያወጣም ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፤ የክልሎችን ድጎማ ቀመርም ይወስናል። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን እንዲቀጥል ሰኔ 3 ቀን 2012 በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የወሰነው እርሱ ነው። የክልል ባለሥልጣን እዚያ ተቀምጦ በራሱ ክልል ድጎማና የወሰን ክርክር ላይ ድምፅ ሲሰጥ ዳኛም ባለጉዳይም ይሆናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

የድሬዳዋው፦ እኛ ዘንድ ከ«ወይም» በፊት ያለውም ሆነ በኋላ ያለው አልደረሰም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ክልል ስላልሆኑ የሚልኩት ተወካይ የለም።

የአርባ ምንጩ፦ ከተማ የሚወከልበት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ።

የድሬዳዋው፦ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉምልኝ ግን ያኛው ምክር ቤት ነው፤ ትርጉሙ እኔንም ያስራል።

ጠበቃው፦ ወደ ቃሉ እንመለስ። ለገና ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ፣ ከቅዳሴ መልስ ጠላ ይዘው የተቀመጡትን ሽማግሌዎች በዚህ ምክር ቤት ማን እንደሚወክላቸው ጠየቅኳቸው። ሁሉም ዝም አሉ፤ በመጨረሻ አንዱ የወረዳውን አስተዳዳሪ ስም ጠሩ። ያልመረጡትን ሰው እንዴት ይወቁት?

የአርባ ምንጩ፦ ይህ ተወካዩ ወርዶ ሪፖርት ባለማቅረቡ የመጣ ጉድለት ነው፤ እርሱ ይስተካከል። የብሔረሰቡ አባላት ብቻ ይምረጡ ካላችሁ ግን መራጩን በምን መዝገብ ትለያላችሁ? ብሔር መታወቂያ ላይ ወደሚጻፍበት ጊዜ ልትመልሱን ነው?

ጠበቃው፦ በፍጹም። ብሔረሰቡ የራሱ ዞን ወይም ልዩ ወረዳ ካለው የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ይምረጥ። አንቀጹ ስለሚፈቅድ ማሻሻያ ሳይጠበቅ አንድ ክልል ሊጀምረው ይችላል።

የአርባ ምንጩ፦ «ነዋሪ ሁሉ» ካሉ ወንበሩ የብሔረሰቡ መሆኑ ቀረ።