ባለ 100 ንብርብሩ አዲስ ዲስክ ብሉ ሬይን ይጥለዋል ወይ?

ካሜራማን ዘደሴ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ደሴ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ፤ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እንቀርጻለን። ቤቱን የተረከብኩት ከአጎቴ ስለሆነ ከሚኒ ዲቪ ካሴት ዘመን ጀምሮ የተቀረጸው ሁሉ እኔ ጋ ነው ያለው። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ መጥቶ «የሰርጋችን ሲዲ ተሰበረብን፣ እናንተ ጋ አይጠፋም ብለን ነው» ይለኛል። ፈልጌ ሳወጣለት ፊቱ ላይ የማየው ደስታ ነው እዚህ ሥራ ላይ ያቆየኝ።

ችግሬ ማስቀመጫው ነው። ሁሉም ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ባለፈው ክረምት አንዱ ድንገት ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረና በዚያው ቀረ። ሌላ ኮፒ ስለነበረኝ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ የብሉ ሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው፣ ብዙ የሚይዘው ዲስክ) መጻፊያ ገዝቼ ዋና ዋናውን ዲስክ ላይ ላሰፍር ብር መያዝ ጀምሬ ነበር። አሁን ደግሞ ጓደኛዬ አንድ ዜና ላከልኝ፤ የሻንጋይ ተመራማሪዎች አንድ ዲስክ ላይ 200 ቴራባይት የሚይዝ ቴክኖሎጂ ሠርተዋል ይላል። የኔ ቤት ሥራ በሙሉ አንድ ዲስክ ላይ ገብቶ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሶኒ ባዶ ብሉ ሬይ ማምረት አቁሟል።

ታዲያ ይህ አዲሱ ብሉ ሬይን የሚጥለው ከሆነ፣ ሊሞት በተቃረበ ነገር ላይ ለምን ገንዘቤን አፈሳለሁ? ልጠብቅ ወይስ ልግዛ? የምታውቁ እርዱኝ።

ናቲ ቦሌ፦

ወንድሜ፣ የዲስክ ዘመን አብቅቷል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ የዲስክ ማስገቢያ መቼ አየህ? ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ጫነውና ተገላገል። ለደንበኛ ደግሞ ፍላሽ ስጠው።

ካሜራማን ዘደሴ፦

ናቲ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ሰርግ ሳይቆራረጥ፣ ካሜራው እንደቀረጸው ስንት ጊጋባይት እንደሚመጣ ታውቃለህ። የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ለመጫን እኛ ጋ ያለው ኔትወርክ ሳምንቱን ሙሉ ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ነው። ወርሃዊ ክፍያውም እስከ መቼ? እኔ ከፍዬ አንድ ጊዜ የምገላገለውን ነው የምፈልገው።

አባዥ ነበርኩ፦

እኔ ብዙ ዓመት የኖርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ዲስክ በማባዛት ነው። ማባዣውን ላላየው ሰው፣ እንደ ትንሽ ቁም ሳጥን ያለ ብረት ነው፤ ከላይ አንድ ማንበቢያ፣ ከሥሩ መጻፊያዎች ተደርድረውበታል። ዋናውን ከላይ ትሰጠዋለህ፣ ከሥር ባዶ ባዶውን ትሞላለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ። ሲጨርስ ትሪዎቹ ይወጣሉ፤ ዲስኮቹ ገና ትኩስ ናቸው። ቀይ መብራት የበራበት ካለ ያ ዲስክ ተበላሽቷልና ለብቻው ይጣላል። ስለዚህ የማወራህ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ዲቪዲ የመጣ ሰሞን ሁሉም ሰው «ቪሲዲ በቃው» ይል ነበር። በወረቀት ላይ ካየኸው እውነት ነው። ቪሲዲ አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ግድም ነው የሚይዘው፤ ምስሉም 352 በ288 ነጥብ (ፒክስል) ነው። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይዞ፣ 720 በ576 ምስል ይዞ መጣ። ሊወዳደሩ እንኳ አይገባም። ግን ሥራችን ምን ሆነ? ሙሽራዋ ትመጣና «ለእኛ ዲቪዲ፣ ለእናቴ ቪሲዲ» ትላለች። እናቷ ገጠር ያለው ዴክ ቪሲዲ ብቻ ነዋ የሚያነበው! እና ያንኑ ሰርግ ሦስት ቦታ እንቆርጠዋለን፤ አንደኛው ዲስክ ሙሽራው ቤት፣ ሁለተኛው ድግሱ፣ ሦስተኛው መልሱ። ሰዓቱ አልበቃ ሲል ሽማግሌው ምርቃት እየመረቁ «አሜን» ሳይባል ዲስኩ ያልቅና ሰው ተነስቶ ሁለተኛውን ይከታል። እንዲያም ሆኖ ሰው ቪሲዲ ይፈልግ ነበር፤ ያለው ዴክ እሱ ነዋ።

ነገሩን የፈታው የዲቪዲ ጥራት አይደለም። ርካሾቹ የቻይና ዴኮች ናቸው። ዲቪዲውንም፣ ቪሲዲውንም፣ የዘፈን ሲዲውንም፣ ኤምፒ3 የታጨቀበትንም አንድ ዴክ ሁሉንም ያነብ ጀመር። ሰው አሮጌውን ዲስኩን ሳይጥል አዲሱን ተቀበለ። ዴኩ ሲበላሽበት የሚገዛው ዲቪዲ ሆነ፣ ያኔ ነው የቪሲዲ ትእዛዝ እየቀነሰ እየቀነሰ የሄደው። ስለዚህ አዲስ ዲስክ መጣ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ይይዛል ብዬ አይደለም፤ «ማጫወቻው የድሮውን ያነብባል ወይ? በሰው ቤት ይገባል ወይ?» ብዬ ነው። የሻንጋዩ ዲስክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ለሰው ቤት የሚሆን ማጫወቻ ገና የለውምና።

ከቨርጂኒያ፦

ከላይ የጻፍከውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እኔ ደግሞ የሌላኛውን ጦርነት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚህ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ዲቪዲን ሊተኩ የመጡትን ሁለቱን ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ነበር፤ በቀኝ የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ፣ በግራ የሶኒና የተባባሪዎቹ ብሉ ሬይ። ሁለቱም የሚያነቡት በዚያው 405 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር ነው። ልዩነቱ ኤችዲ ዲቪዲ መረጃውን እንደ ድሮው ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ማስቀመጡ ነው፤ ስለዚህ የዲቪዲ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ትንሽ አስተካክለው ሊያትሙት ይችሉ ነበር። ብሉ ሬይ ከፊቱ 0.1 ሚሊሜትር ላይ ነው ያስቀመጠው። በአንድ ንብርብር (መረጃ በሚጻፍበት አንድ ሽፋን) ብሉ ሬይ 25 ጊጋባይት አገኘ፣ ያኛው 15። ለዚህ ግን አዲስ ማሽን፣ አዲስ የፊት መከላከያ ቅባት ሁሉ ያስፈልገው ነበር።

ኤችዲ ዲቪዲ ቀድሞ ወጣ፣ ረከሰም። በኖቬምበር 2007 አንድ ትልቅ የመደብር ሰንሰለት ከ100 ዶላር በታች ሸጠው፤ ሰው ተሰልፎ ነው የወሰደው። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ሲወጣ 499 እና 599 ዶላር ነበር። ግን ልጁ ለጌም ብሎ አባቱን አስገዝቶ ቤት ሲያስገባው፣ ብሉ ሬይ ማጫወቻውም አብሮ ገባ። ማይክሮሶፍት ግን ለራሱ የጌም ማሽን ለኤክስቦክስ 360 የኤችዲ ዲቪዲ ማንበቢያውን ለብቻው በ199 ዶላር ነበር የሚሸጠው፤ ለብቻው ሲሆን ደግሞ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው።

የጨረሰው ግን ፊልም ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ትልቁ የፊልም ኩባንያ ዋርነር «ከእንግዲህ ብሉ ሬይ ብቻ» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱንም ሲያሳትም ቆይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ደንበኛ መጥቶ «የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ ኤችዲ ዲቪዲውን ለመጥራት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ የሚወዱት ፊልም ነገ በዚያ ካልወጣ ምን ሊያደርጉበት? ፌብሩዋሪ 19 ላይ ቶሺባ ራሱ ማቆሙን አስታወቀ። የገዙት ሰዎች ግን ዕቃውን ይዘው ቀሩ፤ ያ አሁንም ይቆጨኛል።

እና ያኔ ብሉ ሬይ አሸነፈ ብለን ስናበቃ ዲቪዲ አልሞተም። ከብዙ ዓመት በኋላም አሜሪካ ውስጥ ከብሉ ሬይ ይልቅ ዲቪዲ ነበር በብዛት የሚሸጠው። ብሉ ሬይ ማጫወቻ ዲቪዲን ስለሚያነብ ሰው አንዱን ለሌላው መተው አላስፈለገውም።

መምህር ዘባሕር ዳር፦

ሁለታችሁም በደንብ ነግራችሁታል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ስለ አዲሱ ዲስክ ራሱ ልጨምር።

ሥራው የወጣው በፌብሩዋሪ 2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ነው። ሥራው እውነተኛ ነው፣ ወሬ አይደለም። ሲዲ 780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ 650፣ ብሉ ሬይ 405፤ ሰው ሁሉ የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት እያሳጠረ ነጥቧን ሲያሳንስ ነው የቆየው። ከዚህ በታች በዚያው መንገድ መውረድ ከባድ ስለሆነ እነሱ ሌላ መንገድ ሄዱ። ሁለት ጨረር ይጠቀማሉ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ቀለበት መሳይ ሆኖ ዙሪያውን ያፍነዋል፣ መሃሉ ላይ የምትቀረው ነጥብ ከብርሃኑ ሞገድ እጅግ ታንሳለች። ይህንን በ100 ንብርብር ደረደሩት። ድምሩ 1.6 ፔታቢት፣ ማለትም 200 ቴራባይት ነው። አራት ንብርብር ያለው ትልቁ የብሉ ሬይ ባዶ ዲስክ 128 ጊጋባይት ነው፤ ልዩነቱን እዩት።

ግን የሚጽፈው ጨረር የሚመጣው ፌምቶሰከንድ ከሚባል ሌዘር ነው። እሱ የላቦራቶሪ ዕቃ ነው፣ ከሱቅ ገዝተህ ጠረጴዛህ ላይ የምታስቀምጠው አይደለም። ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። ብሉ ሬይ በከፍተኛው በ16 እጥፍ ፍጥነት ሲነዳ በሰከንድ 72 ሜጋባይት ያህል ነው። 200 ቴራባይት በዚያ ፍጥነት ለመሙላት ቀንም ሌሊትም ሳይቆም ከ32 ቀን በላይ ይፈልጋል። ወንድማችን ደሴ ላይ መብራት ሳይጠፋ 32 ቀን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ በኔ ግምት የዚህ ዲስክ ተፎካካሪው ብሉ ሬይ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች መረጃ የሚያከማቹበት ማግኔቲክ ቴፕ ነው። በ2021 የወጣው ኤልቲኦ 9 የሚባለው የቴፕ ዓይነት አንዱ ካሴት 18 ቴራባይት ይይዛል። 200 የሚይዝ ነገር እዚያ ሰፈር ቢገባ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ይሳካላቸው ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ለኔና ላንተ ቤት ግን አይደለም፣ ቢያንስ በቅርቡ አይደለም።

ካሜራማን ዘደሴ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ነገሩ ገባኝ። እንግዲህ አልጠብቅም። ግን የሶኒው ነገር አሁንም ያሰጋኛል። እና ብሉ ሬይ ከገዛሁ የትኛውን ዲስክ ነው የምገዛው? አባዥ ነበርኩ፣ ወንድሜ፣ አንተ ብትነግረኝ።

አባዥ ነበርኩ፦

እሺ። ሶኒ በ2025 መጀመሪያ ባዶ ብሉ ሬይ ማምረቱን አቆመ፣ እውነት ነው። ሌሎች ግን ገና ይሠራሉ። አንተን ሊያሳስብህ የሚገባው ባዶው ዲስክ አይደለም፣ ማንበቢያው ነው። ዲስኩን አንዴ ከጻፍከው በኋላ ባዶ ዲስክ ገበያ ላይ ቢጠፋ አይጎዳህም፤ ማንበቢያ ቢጠፋ ነው የምትቸገረው። ስለዚህ መጻፊያ ስትገዛ ሁለት ግዛ፤ አንዱን ሥራበት፣ ሌላውን ከነካርቶኑ አስቀምጠው። የብሉ ሬይ መጻፊያ ዲቪዲውንም ሲዲውንም ስለሚያነብ የአጎትህን ዘመን ዲስኮችም በዚያው ታወጣቸዋለህ።

ሃርድ ዲስኩንም አትተወው። አንድ ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ኮፒ ብሉ ሬይ ላይ፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ፤ ሌባም እሳትም አንድ ቤት ነው የሚገባው። ሁሉን ነገር አታስፍር፣ ያለቀውን ኤዲት ሙሉውን፣ ከጥሬው ደግሞ የምትመርጠውን። 25 ጊጋባይቱ ይበቃሃል፤ ብዙ ንብርብር ያለው ዋጋውም ውድ ነው፣ አንድ ዲስክ ቢበላሽም የሚጠፋው ብዙ ነው።

ከዚያ ዲስኩን ስትመርጥ ይህን ልብ በል። ድሮ የምናባዛው ዲቪዲ ላይ መረጃው የሚቀመጠው በኦርጋኒክ ቀለም ነበር። ርካሹን ገዝተህ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ከተውከው ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ መጨረሻው አካባቢ ምስሉ መቆም ይጀምራል፣ ቀጥሎ ዴኩ «ኖ ዲስክ» ይልሃል። እንዲህ ሆኖ ተመልሶ የመጣ ሰርግ አይቻለሁ፣ ሙሽሮቹ ፊት መቆም ከባድ ነው። ብሉ ሬይም ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ኤችቲኤል ይባላል፣ ኦርጋኒክ ያልሆነ ነገር ላይ ነው የሚጽፈው። ሌላው ኤልቲኤች ነው፣ እንደ ድሮው ዲቪዲ ቀለም ነው። የመጀመሪያውን ውሰድ።

ካሜራማን ዘደሴ፦

ሱቅ ውስጥ ቆሜ በምን ልለያቸው? ሻጩ እንደሆነ አያውቅም።

አባዥ ነበርኩ፦

ኤልቲኤች ከሆነ ካርቶኑ ላይ «LTH Type» (ኤልቲኤች ታይፕ) ይላል። እንዲህ ያለውን መልሰው። ምንም ካላለ አብዛኛውን ጊዜ ኤችቲኤል ነው። ከተከፈተ ደግሞ ከታች ገልብጠህ እየው፤ ኤልቲኤቹ ወርቃማ ይመስላል፣ ኤችቲኤሉ ጠቆር ይላል። የመጀመሪያውን እሽግ በብዛት አትግዛ፤ ትንሽ ወስደህ ጻፍበት፣ ሶፍትዌሩ ላይ ማረጋገጫውን አብራና የጻፈውን መልሶ እንዲያነበው አድርግ፣ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈተው። ስም ስትጽፍበት መሃሉ ላይ ባለችው ግልጽ ቀለበት ላይ ለዲስክ በተሠራ እስክሪብቶ ጻፍ፤ የሚለጠፍ ወረቀት አትለጥፍበት። ዲስኩን በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ አታነባብረው።