ቅዳሜን ብቻዬን ማሳለፍ ስለወደድኩ «ዓይነ ጥላ ይዞሻል» ተባልኩ

የአራተኛ ፎቅ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አያት ኮንዶሚኒየም ብቻዬን ነው የምኖረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ሒሳብ ስሠራ፣ ታክሲ ስጋፋ እከርማለሁ። ቅዳሜ ግን ስልኬን አጠፋለሁ። ልብስ አጥባለሁ፣ አነባለሁ፣ ቡናዬን አፍልቼ አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ጀበናውን አነሳለሁ። ቶናና በረካ ለማን ብዬ? ጎረቤቴ ይህን አይታ «ቡና ብቻን ይጠጣል እንዴ?» አለችና ለእናቴ ደወለች። እማዬ ደግሞ ከደብረ ብርሃን «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል እንሂድ» ትለኛለች። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የምቀመጠው። ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ አንዳንድ ሰኞ ሰው ማናገር ይከብደኛል። ብቻ መሆን ከየት ጀምሮ ነው የሚጎዳው? የደረሰባችሁ ንገሩኝ።

ሦስተኛ ስኒ
በረካውን የሚጠጣልሽ ካጣሽ እኔ ሲኤምሲ ነኝ፣ በእግሬ እመጣለሁ። (ቀልድ ነው፣ እንዳትቆጪ።)

የረጅም መንገድ ሹፌር
እህቴ፣ እኔ አሜሪካ፣ ዴንቨር ነኝ፣ ትራክ ነው የምነዳው። ሎድ (ጭነት) ካገኘሁ ለሳምንታት ቤት አልገባም። በሕጉ ቢበዛ 11 ሰዓት ነድቼ ቢያንስ 10 ሰዓት ማረፍ አለብኝ፤ ትራኩ ላይ ያለው መሣሪያ ራሱ ይመዘግባል፣ ማጭበርበር የለም። አሥሩ ሰዓት የሚያልፈው ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ብቻ መሆንን ትንሽ አውቀዋለሁ።

ጥቅሙ አለው። አባቴ ሲሞት አዲስ አበባ ነበርኩ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ እንግዳ ስቀበል፣ ንፍሮ ሳዞር፣ የዕድር ዕቃ ስቆጥር በደንብ ያለቀስኩ አይመስለኝም። ያለቀስኩት ዓመት አልፎ ዋዮሚንግ ውስጥ ነው፣ በረዶ አውራ ጎዳናውን አዘግቶት ቆመን ሳለ። «በቃ፣ ተጽናና» የሚለኝ ሰው አልነበረም። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ያንን በሰው መሀል አላገኘውም ነበር።

ጉዳቱ ግን ሲመጣ አይታወቅም። ከወንድሜ ጋር በእናታችን ቤት ጉዳይ ትንሽ ተቀያይመን ነበር። ኔብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ ላይ ጭኜ ስነሳ በሐሳቤ ክርክር ገጠምኩት። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይመልሳል፤ የእሱንም መልስ የምናገርለት እኔው ነኝ። ኔብራስካ በአይ-80 አውራ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳና በቆሎ ብቻ። ዋዮሚንግ ድንበር ስደርስ ወንድሜ ለይቶለት ሌባ ሆኗል። ተቆጥቼ ስደውልለት «ምሳ በላህ?» አለኝ።

ቡና ላይ ተቀምጬ ቢሆን ገና ስጀምር አንዱ «ኧረ ተው!» ብሎ ያስቆመኝ ነበር። ብቻ ሲሆኑ «ተው» የሚል የለም። እኔ የምፈራው ዝምታውን አይደለም፣ ይህን ነው። አሁን እኛ ሹፌሮች ማታ ማታ በስልክ ኮንፈረንስ እንገናኛለን። ወሬው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የናፍጣ ዋጋ፣ የዲስፓቸር (ጭነት መዳቢ) ሐሜት። ግን አንዱ ሳይገባ ከቀረ ይደወልለታል። አንቺንም የምጠይቅሽ ስልክሽን ለምን ታጠፊያለሽ ብዬ አይደለም። ቅዳሜ ድንገት ብትታመሚ ማን ያውቃል?

ከስደት ተመላሽ
ጋሼ እውነት ብለዋል፣ አንድ ልጨምር። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ ቤቱ ሁልጊዜ በሰው የተሞላ ነበር። ስልኬ ማዳም ጋ፣ የበሩም ቁልፍ ማዳም ጋ። ልጆች አቅፌ እየዋልኩ ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለብቻዬ ስቀመጥ እንደዚያ አይሰማኝም። ሲሰለቸኝ ተነስቼ እሄዳለኋ!

የቆሎ ተማሪ የነበረ
እኅታችን፣ እናትሽን አትቀየሚያት። ግን ብቻ መሆንን ቤተ ክርስቲያንም ታውቀዋለች። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ስንቱ ነው በሶና ቆሎውን ይዞ ደብረ ሊባኖስ ሱባኤ የሚገባው! ልብ በዪ ታዲያ፤ ለንስሐ አባት ይነገራል፣ ቅዳሴው ከሰው ጋር ነው፣ መግቢያውም መውጫውም ይታወቃል። በሥርዓቱ ባሕታዊ ልሁን የሚል መነኩሴም አስቀድሞ በማኅበር ይኖራል፣ ይታዘዛል። እኔ በነበርኩበት አንድ ወጣት መጥቶ «በረሓ ልግባ» ቢላቸው የኔታ «በል መጀመሪያ ለማኅበሩ ውሃ ቅዳ» ብለው እንስራ አስያዙት።

ነርስ ከጅማ
የሰኞው ነገር ረፋዱ ላይ ከለቀቀሽ አያስጨንቅም። ሳምንቱን ሙሉ ካልለቀቀሽ፣ ንባቡም ቡናውም ካስጠላሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ የድባቴ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይይሽ። ጠበሉንም አልከለክልሽም፣ ሕክምናውን አትተዪ እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጾ፣ በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሞት ከዚሁ ጋር አያይዟል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። እነዚህ ቁጥሮች የሚያወሩት ሰው እየፈለገ ስላጣ ነው፤ ፈልጎ ቅዳሜን ለራሱ የያዘ ሌላ ጉዳይ ነው። ለተመላሿ እህቴ፦ የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች እስረኛን እንኳ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻው መዝጋትን ይከለክላሉ። አንቺ ላይ የደረሰው ቀላል አልነበረም፣ አሁንም የሚረብሽሽ ካለ ለባለሙያ ተናገሪው።

የአራተኛ ፎቅ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። እስከ ረፋድ ነው፤ አለቃዬም ቢሆን ከዚያ በፊት ወሬ አይወድም። ለጎረቤቴ ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋት፣ እሷም በዚያው በረካውን እየመጣች ትጠጣ ጀመር፣ ምን ይደረጋል። ለእማዬ እሑድ ጠዋት ልደውል ተስማምተናል። ስልኩ ግን ቅዳሜ እንደጠፋ ነው። ጋሼ፣ ወንድምዎ ሌባ ተብሎ እንደነበር ያውቃል?

የረጅም መንገድ ሹፌር
ከየት አውቆ! ኔብራስካ ላይ ረታሁት፣ ስመለስ እዚያው ይቅር አልኩት። ይግባኝ እንኳ አልጠየቀም።