ሼክስፒርን ለዚህ ያበቃው ብዕሩ ነው ወይስ የእንግሊዝ ጉልበት?

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ። ትናንት እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ የተነሳው ክርክር ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚሁ እንቀጥል። ለክረምት የምናዘጋጀው ቴአትር ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ይሁን ወይስ የራሱ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»? «ለምን ሁሌ ሼክስፒር?» ያለው ልጅ ይጀምር።

ተማሪው፦ እሺ። ሰውየው አይችልም አላልኩም። ግን እንግሊዝ ያን ሁሉ አገር ገዝታ በየትምህርት ቤቱ ባታስጠናው ማን ያውቀው ነበር? የኛ ቡና እንኳ ዓለምን የዞረው ነጋዴ ተሸክሞት ነው።

የቡና ነጋዴው፦ በቡና መጣህብኝ! መናኛ ቡና አንዴ ይሸጥልህ ይሆናል። ሁለተኛ ማን ይገዛሃል? ጀርመኖችን እንግሊዝ አልገዛችም፤ ሼክስፒርን ግን እንደ ራሳቸው ልጅ ነው የሚያዩት። እኛንስ ማን አስገደደን? ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየትን» የተረጎሙት ወደው ነው።

መምህርቷ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ነው የያዛችሁት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1616 ሲሞት ከተውኔቶቹ ግማሽ ያህሉ አልታተሙም ነበር። «ማክቤዝ» ራሱ! በ1623 ሁለት የመድረክ ጓደኞቹ 36 ተውኔት ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ የትኛው ጉልበት ያተርፈው ነበር? ደግሞ እንደጻፈው አልኖረም። የ«ኪንግ ሊር» መጨረሻ አላስችል ቢለው፣ ናሆም ቴት የሚባል ሰው በ1681 የምትሞተውን የንጉሡን ልጅ አትርፎ ዳራት። እንግሊዞች ከመቶ ዓመት በላይ ያዩት ያንን ነው። አስቡት፣ የገዛ አገሩ ሰዎች! የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ደግሞ «የቬኒሱን ነጋዴ» ወደ ስዋሂሊ ሲመልሱት ርዕሱን «የቬኒስ ከበርቴዎች» አሉት። ታንዛኒያ ያኔ ሶሻሊዝም ላይ ነበረቻ።

ተማሪው፦ ቲቸር፣ ይኼ እኮ እኔን ነው የሚደግፈው 😄

እትዬ (ልብስ ሰፊዋ)፦ ልጆቼ፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ድሮ እዚሁ ጅማ አንድ አዳራሽ «ኦቴሎ» ሲታይ መብራት ጠፋ። በፋኖስ ቀጠሉ። ኦቴሎ ሚስቱን ሊገድል አልጋው ጋ ሲጠጋ አጠገቤ ያለችው ቆሎ ሻጭ ብድግ ብላ «አንተ ቂል! መሐረቡን እኮ ያ ሰውዬ ነው ያሰረቃት!» ብላ ጮኸች። ተዋናዩ ቀጥ አለ። ቆሎዋ መሬት ላይ ፈሷል። እሷ እንግሊዝን የት ታውቃለች?

ተማሪው፦ እትዬ፣ እሷን ያስጮኻት የጸጋዬ አማርኛ ነዋ! አምቦ አካባቢ በኦሮምኛ ያደገ ሰው ነው እንዲህ ያደረገው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የረሸናቸው ጳጳስ፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ በተውኔቱ ከኅሊናቸው ጋር ሲሟገቱ ከሐምሌት በምን ያንሳሉ? ተሸካሚ ነው ያጡት። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን እኛው በኦሮምኛ መልሰን እንሞክረዋ።

የቡና ነጋዴው፦ ይቺን ወደድኳት። የልምምዱን ቡና እኔ እችላለሁ።

አስተባባሪ፦ ጽሑፉ ማን ጋ አለ?

መምህርቷ፦ እኔ ጋ ፎቶ ኮፒ አለ። መጨረሻው ላይ ሁለት ገጽ ይጎድለዋል። ሙሉውን የያዘ ሰው አለ?

እትዬ፦ ጎረቤቴ ጋ አሮጌ መጽሐፍ የሞላ ሣጥን አለ። ነገ ጠዋት ጠይቄ እነግራችኋለሁ።