የሪፈር ወረቀትና የስልክ ሪፖርት፦ ተቀባዩ ከዜሮ እንዳይጠይቀን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ አዋላጅ ዘአቃቂ

ሰላም ለሁላችሁ። አቃቂ አካባቢ ጤና ጣቢያ፣ ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። የምትደማ እናት ወደ ሆስፒታል ስንልክ ላይዘን (የሆስፒታሉ ሪፈር ተቀባይ ክፍል) እንደውላለን፣ የሪፈር ወረቀቱንም ሞልተን እንሰጣለን። ያም ሆኖ በር ላይ «መቼ ወለደች? ምን ወስዳለች?» ተብሎ እንደገና ይጀመራል። ቃሊቲ ላይ መንገዱ በከባድ መኪና ሲጨናነቅ አምቡላንሱ የሚያጠፋው ጊዜ ራሱ ያስጨንቃል። ስልኩ ላይ ከምን ልጀምር? ወረቀቱ ላይስ ጨርሶ መቅረት የሌለበት ምንድን ነው?

መልስ፦ የማታ ተረኛ

ሲስተር፣ ስልኩን በኤስባር ሥሪው፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪክ፣ የራስሽ ግምገማ፣ የምትፈልጊው ነገር። ብዙዎቻችን ከታሪኩ ነው የምንነሳው። ዕድሜዋን፣ ስንተኛ እርግዝናዋ እንደሆነ፣ የት ክትትል እንዳደረገች ስንዘረዝር ደሙ ሳይነሳ ሰሚው ይሰለቻል። እንዲህ በይ፦

«ከወለደች 40 ደቂቃ የሆናት እናት እየደማች ነው፤ እስካሁን 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሷታል። የልብ ምት 124፣ ግፊት 85/50። በምጥ ነው የወለደችው፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ ወጥቷል፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ወስዳለች። ማህፀኗ ልል ነው፤ አልኮማተር ብሎ ይመስለኛል። ደም ይዘጋጅልን፣ አሁን እየተነሳን ነው።»

ግማሽ ደቂቃ ነው። ግምገማው ላይ ብዙ ነርስ ያፈገፍጋል፣ የሐኪም ድርሻ ይመስለዋል። ያየሽው ምን እንደሚመስልሽ መናገር ግን ያንቺ ሥራ ነው፤ በተለይ ማህፀኗን የዳሰሰው ያንቺ እጅ ሆኖ ሳለ። «ትንሽ ደምታለች»፣ «ደህና አይደለችም» ማንንም ከወንበር አያስነሳም። በስልክ ትእዛዝ ከተሰጠሽ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና የሚሰጥበትን መንገድ መልሰሽ ድገሚለት፤ ያናገርሽውን ሰው ስምና ሰዓቱን ካርዱ ላይ አስፍሪ።

መልስ፦ ሲስተር ከገላን

ከሁሉ በላይ የምፈራው የሰዓቱን ጉዳይ ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ እየተጻፈ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይገባል። «8፡00» ብቻ ሲባል የሌሊቱ 8 ነው? የቀኑ 8? ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር 8፣ ማለትም በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት? የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 6 ሰዓት ነው። በየ6 ሰዓቱ በሚሰጥ አምፒሲሊን ላይ ደግሞ ይህ ልክ አንድ ዶዝ ነው፤ ወይ ይዘለላል፣ ወይ ይደገማል።

ለምትደማ እናት ይብሳል። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ የሚሰጠው ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። በዘገየ በ15 ደቂቃው ጥቅሙ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የወለደችበት ሰዓት ግልጽ ካልሆነ ተቀባዩ ሲያጣራ ያ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፤ ከሌሊቱ 8፡20 ማለት 02፡20 ነው። ክፍሉ በሀገርኛው ከተስማማም «ሌሊት» ወይም «ቀን» የሚለው አይቅር። አንድ ካርድ ላይ ሁለቱን መቀላቀል ግን በፍጹም።

መልስ፦ ዋርድ አስተባባሪ

ወረቀቱ ላይ «የታዘዘ» እና «የተሰጠ» ይለይ። «ኦክሲቶሲን» ብሎ መተው ሰጥታችሁ ይሁን ልትሰጡ አስባችሁ አያስታውቅም፤ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓትና የሰጪው ፊርማ ይኑረው። «ዩኒት» የሚለው በአንድ ፊደል (U) ሲያጥር ዜሮ መስሎ 10ው 100 ተብሎ ይነበባል። 1.0 ነጥቡ ሲደበዝዝ 10 ይሆናል፣ ስለዚህ 1 ብቻ። ከአንድ በታች ሲሆን ግን ዜሮውን አስቀድሙ፦ 0.5።

ስሕተት ቢገባ ቃሉ እንዲነበብ አድርጋችሁ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ፈርሙ፣ ሰዓት ጻፉ፤ በነጭ ፍሉይድ አይሸፈን። ቫይታል ሳይኑ (የልብ ምት፣ ግፊትና የመሳሰለው) ከመነሳታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ የተለካ ይሁን። አብሯት የሚሄደው ባለሙያ በየ15 ደቂቃው እየለካ እዚያው ወረቀት ላይ ይጨምር።

አዋላጅ ዘአቃቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ካርዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክስ?

ዋርድ አስተባባሪ

በግል ስልክ አይሆንም፤ የታካሚዋ ስምና ምስጢር ነው፣ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ወረቀቱ ግን ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከእናትየዋ ጋር ይሂድ፣ ሌላው ካርዷ ውስጥ ይቅር።