ከደሴ ወደ ሰመራ በመኝታ ሃይስ፤ የድሮ ማዕድን ቦታዎችን ለማየት ምን እናዘጋጅ?

ጦሳ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጡረታ ከወጣን በኋላ እኔና ባለቤቴ አንድ ናፍጣ ሃይስ ገዝተን፣ የኋላ ወንበሮቹን አስነቅለን አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅና 100 ሊትር የውሃ ታንከር አስገጥመንበታል። ጉልበቱ በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ ፎር ዊል አይደለም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከደሴ ተነሥተን በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርገን ሰመራ ልንወርድ ነው። ከዚያ አሥር ቀን ያህል እያደርን የበረሃውን መንገድና የተተዉ ማዕድን ማውጫዎችን ማየት እንፈልጋለን። አፋር ውስጥ የድሮ የወርቅ ጉድጓድ አለ ሲባል ሰምተናል፤ ዳሎልም የጣሊያን ፍርስራሽ አለ ይላሉ። መኪናው ላይ ምን እናስፈትሽ? ውሃ ስንት እንያዝ? ጉድጓዶቹ ውስጥስ መግባት ይቻላል? እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ፤ እሷ 63 ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች።

ካምቢዮ፦

ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እስከ ሰመራ አስፋልት ስለሆነ ሃይሱ ያለ ችግር ይደርሳል። መኪና የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ገደማ። በ150 ኪሎ ሜትር መንገድ 2,000 ሜትር ትወርዳላችሁ፤ ትልቁ ቁልቁለት ከባቲ በኋላ ያለው ነው።

ከሁሉ በፊት የፍሬን ዘይቱን አስቀይሩ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ የጠጣው ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ያኔ የፍሬኑ ሸራ አዲስ መሆኑ ምንም አይጠቅምም። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። እግርን ፔዳል ላይ ጥሎ መውረድ ነው ፍሬን የሚያቃጥለው፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ቁሙ፤ በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬኑንም ወዲያው አትሳቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ክብደት ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። 100 ሊትር ውሃ ማለት 100 ኪሎ ነው። አልጋው፣ ሲሊንደሩ፣ ባትሪውና እናንተ ስትጨመሩ በሩ ምሰሶ ላይ ከተጻፈው ልክ ማለፍ ቀላል ነው። ሁሉን ጭናችሁ፣ ናፍጣ ሞልታችሁ፣ ሚዛን ያለበት መጋዘን ወስዳችሁ አስመዝኑት። ታንከሩ ከኋላ አክስል ፊት፣ ወለል ላይ ይሁን። ፖርቶ መጋላ (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ጀሪካን አትደርድሩ፤ ኩርባ ላይ መኪናውን ያጋድለዋል። በግማሽ የተሞላ ታንከርም ውስጡ ይናጣል፤ መሐሉ ላይ መከፈያ ከሌለው አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሻላል። አንዱ ቢያፈስ አራቱ ይቀራሉ።

ጎማን በተመለከተ፣ ደሴ ላይ ጠዋት በ12 ዲግሪ ብርድ 40 ፒ.ኤስ.አይ. የሞላ ጎማ ሚሌ ላይ በ38 ዲግሪ ሳይነዳ ቢለካ 42 አካባቢ ያሳያል። ሙቀቱ ይጨምረዋል፣ ከታች ያለው የአየር ክብደት ደግሞ ከንባቡ 3 ያህል ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይቻቻላሉ። ሲነዳ ግን ከዚያ በላይ 5 ያህል ይወጣል። ይህ ጤነኛ ነው፣ በጋለ ጎማ ላይ ንፋስ አታስተንፍሱ። ያስተነፈሰ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ጎድሎ ይነዳል፤ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ በስተመጨረሻም ይፈነዳል። ጎማው ጎን ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አኃዝ ተጽፏል። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ ደህና ቢመስልም ለዚህ ሙቀት አትመኑት።

ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ውሃ ረጭታችሁ አጽዱ፤ ክንፎቹ መሐል ያለው አቧራና ነፍሳት ነው አየር የሚዘጋው። ክዳኑ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ይቀየር። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትጠቀሙ፣ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ሙሉበት። ስትመለሱ ከሚሌ ወደ ባቲ ያለው ዳገት ለሞተር ከመውረዱ ይከፋል፤ ጎህ ሲቀድ ጀምራችሁ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ባቲ ግቡ። ሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ፊቱን ወደ ንፋስ አዙራችሁ ሞተሩን በሚኒሞ ተዉት። ክዳኑን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚከፍት ሰው ፊቱን ያቃጥላል።

እነዚህን ያዙ፦ ሁለት ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)፣ ክሪክ ከነ ሰፊ ጣውላው (ያለ ጣውላ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል)፣ ችንጋ፣ የላይና የታች ራዲያተር ጎማ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ 5 ሊትር ሞተር ዘይት፣ ፊውዝ። ናፍጣ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ፣ ሎጊያ ወይም ሰመራ ላይ ባገኛችሁበት ድገሙ። ማታ አትንዱ፤ ከሚሌ በኋላ መንገዱ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ነው፣ ግመሎቹም ጨለማ ውስጥ አይታዩም።

አሳሌ፦

የወርቁን ነገር ላጥራው። በዚያ መስመር ስሙ የታወቀው የድሮ ማዕድን ጨውና ፖታሽ ነው፣ ወርቅ አይደለም። የአገራችን የወርቅ ሥራ ጉጂ፣ ቤኒሻንጉልና ትግራይ ነው። መንገድ ላይ «የወርቅ ጉድጓድ ላሳያችሁ» የሚል ሰው ተከትላችሁ ከአስፋልት አትውጡ።

ዳሎል ግን ለሚወድ ሰው ከወርቅ የሚበልጥ ታሪክ አለው። ጣሊያኖች ፖታሹን ለማውጣት ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ የተነሣ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ሲጠናቀቅ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ኩባንያ ለፍለጋ ገብቶ ነበር። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ግድግዳው ከጨው ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የዛጉ ብረቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው። ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ ተደምሮ ማለት ነው።

ሃይሱን እዚያ አትውሰዱት። ጨዋማው ሜዳ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ ከባድ መኪና ከሰመጠ በሰው ጉልበት አይወጣም። ሃይሱን ሰመራ ላይ ጥበቃ ያለበት ግቢ አቁማችሁ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ ሁለት መኪና አብሮ ቢሄድ በጣም ይሻላል። ፈቃድ፣ የአካባቢ መሪና ጥበቃ የግድ ነው፤ ሰመራ ያለው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በአካል ቀርባችሁ ጠይቁ። የሰሜኑ መንገድ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ከደሴ በስልክ በሰማችሁት አትወስኑ። እሳተ ገሞራውም አለ፤ ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ አፍዴራ አካባቢ ወርዷል። ስለዚህ ኤርታሌን በዕቅዳችሁ ውስጥ ብታስገቡም የመጨረሻውን ቃል ለአካባቢው ሰዎች ተዉ። አፋሮች መንገደኛ ሲያገኙ ቆመው ዳጉ የሚሉትን የመንገድ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ መሪያችሁ ሲቆም አታጣድፉት፣ የመንገዱ እውነተኛ ወሬ የሚገኘው እዚያ ነው።

ዳሎል ላይ መሪው የረገጠበትን ብቻ እርገጡ። ቢጫውና አረንጓዴው ኩሬ አሲድነቱ በፒኤች ከዜሮ በታች የሚለካ ነው፣ ዳሩ ያለው ቅርፊት ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከጣት አይወፍርም። ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወደ ኋላ። ሶሉ ወፍራም የሆነ አሮጌ ጫማ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አያገለግልም። ጋእታሌ በሚባለው ኩሬ ዳር የሞቱ ወፎች ታያላችሁ፤ ከውሃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። እዚያ አትቀመጡ፣ ጎንበስ ብላችሁም ፎቶ አታንሱ።

የተተወ ጉድጓድ በየትኛውም አገር አይገባም፣ የወርቅም ሆነ የሌላ። የሚገድለው አየሩ ነው። እንጨትና ድንጋዩ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይበላዋል፣ ሰውየው ምንም ሳይሸተው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይወድቃል። ሻማ ይዞ መግባት አያድንም፣ መርዛማ ጋዝ ባለበትም ሻማ ይበራል። ወለሉም የበሰበሰ ሳንቃ ሊሆን ይችላል፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ ገደል። አፉ ላይ ቆሞ ማየት በቂ ነው፤ አፉም ቢሆን ጠርዙ ስለሚናድ ጥቂት ሜትር ርቃችሁ።

ለሃይሱ የሚመቹ ቦታዎች ሌላ አሉ። ባቲን ሰኞ ድረሱባት፣ ገበያዋ የዚያን ቀን ነው። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት ሐዳር በኤሊውሃ በኩል ነው፤ ባዶ ኮረብታ ነው፣ ፈቃድና መሪ ይፈልጋል፣ አፅሟ አዲስ አበባ ሙዚየም ነው ያለው። ከሰርዶ ወደ አፍዴራም አስፋልት አለ፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው፣ ዙሪያው የጨው ማምረቻ ነው። የጨው ሥራን በዓይን ማየት ለሚፈልግ አፍዴራ ከዳሎል ይቀላል።

ቧንቧ ውሃ፦

የጤናውን እኔ ልጨምር፣ ሥራዬ ነርስነት ነው።

ለመጠጥ ብቻ በሰው በቀን 5 ሊትር ያዙ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ 3። ሁለት ሰው በቀን 16 ሊትር ነው፤ 80 ሊትሩ አምስት ቀን ያቆያችኋል፣ የቀረውን 20 ለብልሽት ቀን አትንኩት። ለራዲያተር ሌላ 10 ሊትር ለብቻ፣ ምልክት አድርጋችሁበት። ጥማት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይዘገያል። ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል። ለምለም (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይኑራችሁ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር። ካለቀ በሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ይሁን፣ አይከመር። ይህ ሲያስቀምጥ ወይም በጣም ሲያልብ ነው፤ ባለቤትዎ ስኳር ስላለባቸው ከወሰዱ ስኳራቸውን ይለኩ።

ኢንሱሊኑን ዳሽቦርድ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከፍሪጁ በረዶ ጋር እንዳይነካካ፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ፍሪጁ ቢበላሽ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ውስጥ አድርጋችሁ መሐሉን እርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላና ንፋስ ያለበት አኑሩት። አፋር አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ያቀዘቅዛል። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይያዝ፣ ሁሉ በአንድ አይበላሽ። በሙቀት ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ መለኪያውን ደጋግሙ፣ ከረሜላ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ጋሼ፣ የግፊት ክኒንዎ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በራስዎ አያቋርጡ። ሲነሡ ቀስ ብለው ይነሡ።

ወባ አትርሱ። ደሴ የኖረ ሰው የመከላከል አቅም የለውም፣ አጎበር የግድ ነው፣ ስለ መከላከያ መድኃኒቱም ሐኪም ይጠየቅ። ከተመለሳችሁ በኋላም በወሩ ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ተመርመሩ፣ «አፋር ነበርን» ብላችሁ ንገሩ። ሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተደናገረ፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት፣ ወዲያው ወደ ሕክምና። ራሱን ለሳተ በአፉ ውሃ አይሰጥም።

ጦሳ ሥር፦

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። የወርቁን ትተነዋል። ሁለት ነገር ቀረን፦ ፍሪጁ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ነው፣ አንድ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይበቃዋል? ሌሊት ሚሌ ወይም ሎጊያ ወንዝ ዳር አቁመን ብናድርስ?

ካምቢዮ፦

ፍሪጁ ሲሠራ 4 አምፒር ገደማ ይወስዳል፣ በዚያ ሙቀት ከቀኑ ሁለት ሦስተኛውን ይሠራል፤ በ24 ሰዓት 64 አምፒር ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። የአሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ ባይወርድ ነው ዕድሜው የሚቆየው፣ ስለዚህ አንዱ አይበቃም። ወይ ሁለተኛ ባትሪ ጨምሩ፣ ወይ 200 ዋት ሶላር ጣሪያው ላይ አስገጥሙ፤ ፀሐይ እስካለ ድረስ ልኩን ይተካል። ፓኔሉ ሲግል ስለሚደክም ከጣሪያው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር፣ አየር ይለፍበት። ባትሪው ሞተር ክፍል አይግባ።

አሳሌ፦

ወንዝ ዳር አይሆንም። የሚሌ ውሃ የሚመጣው ከወሎ ደጋ ነው፤ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሐይቅና አምባሰል ቢዘንብ ደረቁ አሸዋ ሌሊት ይሞላል። ኅዳር ላይ ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ ዋስትና የለውም። ጎርፉ የጣለውን ግንድና ገለባ አይታችሁ ከዚያ መስመር በላይ፣ ጠንካራ ጠጠር ላይ፣ በአቅራቢያ ያሉትን ሰዎች አስፈቅዳችሁ እደሩ። የተሻለው ግን ሎጊያ ወይም ሰመራ ግቢ ያለው ማደሪያ ነው። ምድጃውን በሩ ተዘግቶ አታብሩ፤ ሲሊንደሩን ስትተኙ ከራሱ ቫልቭ ዝጉት። አፍዴራ ድረስ ከሄዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ቀጥታ ላቫጆ፤ የመኪናው ሥር፣ የጎማ ቤቱና የፍሬን መስመሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ግራሶ ይደረግ። ጨው አንድ ሳምንት ከተቀመጠ ቱቦውን መብላት ይጀምራል።