የእናቴን ግቢ በ12 ቀን ባዶ አድርጊ ተባልኩ

የሾላዋ ልጅ፣ ሚኒሶታ (ለጊዜው ሐዋሳ)

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ታቦር ተራራ ፊት ለፊቴ ይታያል። እናቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። ሙት ዓመቷን ለማውጣት ልጄን ይዤ መጣሁ፤ እሱን በሰላም ጨረስን። መመለሻዬ 12 ቀን ቀርቶታል። ልጄ አምስተኛ ክፍል ይገባል። ትምህርት የሚጀምሩት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ስለሆነ ቀኑን መግፋት አልችልም።

ወንድሜ ቤቱን ከመስከረም ጀምሮ ሊያከራየው ነው። "የምትፈልጊውን ለይተሽ አንሺ፤ የተረፈውን ለቁራሌው እሰጠዋለሁ" አለኝ። ይሁን ብዬ ጀመርኩ። ትናንት ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ጓሮ ያለውን ሾላ አስቆርጦ ቦታው ላይ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ሊሠራ ነው። ቆራጩን አነጋግሯል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ሚኒሶታ ያለውን ቤቴን በየዓመቱ አራግፋለሁ። ሁለት ዓመት ያልለበስኩትን ልብስ በከረጢት ሞልቼ ስሰጥ ቅር አይለኝም። እዚህ ግን አንድ መሳቢያ ስከፍት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎች አሉ። አምስት ናቸው። ስድስተኛውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እስኪመሽ ጎረቤት ተደብቄ ነበር። ቁም ሣጥኑ ላይ የዛሬ ሰባት ዓመት የላክሁላት ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አንድም ቀን አልለበሰችውም።

አልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለ። እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቲቸር" ነው የሚላት። የተማሪዎቿን ስም የምትጠራባቸው መዝገቦች እዚያ ናቸው። የእኔና የወንድሜ ደብተሮችም ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ በሲባጎ ታስረው ተቀምጠዋል። ወንድሜን ሁለተኛ ክፍል ራሷ ናት ያስተማረችው። የሒሳብ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ጎበዝ! ግን ተረጋጋ" ብላ ጽፋለታለች። ቁራሌው ይህን በኪሎ ነው የሚገዛው።

አሁን ስለ ሾላው። ልጄ ወፍ ማየት ይወዳል። ሚኒሶታ ጓሯችን ውስጥ የሱፍ ፍሬ የምንሞላበት መመገቢያ ሰቅለናል። በረዶው ላይ ቀዩ ካርዲናል ሲመጣ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ነን። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ለአራት ቀን የሚካሄድ የጓሮ ወፎች ቆጠራ አለ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ቁጭ ብለህ ያየኸውን ትመዘግባለህ። ልጄ መቁጠር ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚህ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ፣ የአያቱን ጋቢ ደርቦ፣ ሾላው ሥር ይቀመጣል። በ9 ቀን 27 ዓይነት ጽፏል።

አረንጓዴዎቹ ትንንሽ በቀቀኖች ፍሬውን ሊበሉ በመንጋ ይመጣሉ። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር ዱር እንደማይገኙ ያነበበልኝ ልጄ ነው። እኔ እዚሁ ዛፍ ሥር አድጌ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ቢጫዎቹ ወፎች ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጎጆአቸውን ቁልቁል ይሸምናሉ። ረጅም እግሩ ወፍ አባ ኮዳ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ሲያልፍ ጥላው ግቢው ላይ ያርፋል። አንድ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ አለ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የጫነ የሚመስል። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እናቴ "ባለ ቆቡ" ነበር የምትለው። "ባለ ቆቡ መጣ፣ ተነሱ፣ ትምህርት ቤት ረፈደ!" እያለች ነው የቀሰቀሰችን።

እና ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ ቤት የለየ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ። ዛፉስ? እኔም ልጇ ነኝ። ሳልስማማ መቁረጥ ይችላል?

የጉዱማሌው፣ ዋሽንግተን ዲሲ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዕቃውን ተይውና ወረቀቱን አስቀድሚ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችኋል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 ላይ ያለው ነው። እሱ ሳይያዝ ካርታው ወደ ስማችሁ አይዞርም። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ቁጥር 842ን አንብቢ። ወንድ ሴት፣ አገር ቤት ውጭ አገር አይልም። እስክትካፈሉ ድረስ ንብረቱ የጋራችሁ ነው። አንዱ ብቻውን ተነስቶ የሚያፈርሰውም የሚገነባውም ነገር የለም።

ፓስፖርትሽ የአሜሪካ ከሆነ ደግሞ አገራችን ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ስለዚህ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ማለቴ ነው፣ ይኑርሽ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ መብት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት በስምሽ ለመያዝ ያስችልሻል።

ለወንድምሽ ውክልና ስትሰጪ ጠቅላላ ውክልና አትስጪ። ማከራየት ይችላል፣ መሸጥ አይችልም፣ መገንባት አይችልም እየተባለ በዝርዝር ይጻፍ። ለሰርቪሱም የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለ ኪራዩም ተጠንቀቁ። አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሚሠራበት ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብለሽ ጠይቂ። ተከራይ ከገባ በኋላ "ልጄ ክረምቱን ይምጣ" ማለት ቀላል አይሆንም።

ሙዳይ፣ ሪያድ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ግቢው በግንብ የታጠረ ነው። ጠዋት የምሰማው የማቀዝቀዣውን ድምፅ ብቻ ነው። ለእህቴ ስደውል ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጪልኝ እላታለሁ። ወፎቹን እሰማና ወደ ሥራዬ እገባለሁ። እሷ መጀመሪያ ትገረም ነበር፤ አሁን ሳልነግራት ታስቀምጠዋለች።

እኔም በየወሩ እልካለሁ። ፍሪጅ ተገዛ፣ ሶፋ ተገዛ፣ ሁሉንም በፎቶ ነው የማውቀው። ስመለስ የማውቀው ዕቃ ይኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ረከቦቷንና ስኒዎቿን እንዳትተዪ። ብርድ ልብሱን ለብሰሽው እደሪ።

ሎቄ፣ ሊድስ

ስለ ዕቃው አንድም ሰው ስላልመለሰልሽ እኔ ልሞክር። የአባቴን ቤት የዛሬ ሦስት ዓመት የለየሁት እኔ ነኝ።

በአየር መንገዳችን ወደ አሜሪካ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የልጅሽን ስትጨምሪ አራት። ደብተር ይከብዳል። አንቺ ግን ሁሉንም አያስፈልግሽም። ከየዓመቱ አንድ አንድ ያዢ፤ የቀረውን ቀን ላይ በረንዳው ላይ አውጥተሽ በስልክ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺው። እኔ በሁለት ቀን ጨርሻለሁ። መዝገቦቹን ለቁራሌው አትስጪ። እናትሽ ያስተማረችበት ትምህርት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፤ ካልተቀበሉ ከድሮ ተማሪዎቿ አንዱ ጋር ይቀመጥ። ልብሱን ልዋጭ ለሚሉት አትስጪ፤ ለቅርብ ዘመድና ለጎረቤት በእጅሽ ስጪ። በሚቀጥለው ዓመት የእናትሽን ሹራብ በሰው ላይ ታያለሽ፤ ደስ ይላል። ብራና ወይም የድሮ መስቀል ካገኘሽ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አታስወጪ።

ልጅሽ ላባ ለቅሞ ከሆነ እዚያው ይተወው። በወፍ በሽታ የተነሳ የአሜሪካ ጉምሩክ ላባ ላይ ጥብቅ ነው። ያሳዝነዋል፤ ቀድመሽ ንገሪው።

"ባለ ቆቡ" ያልሽው እርኩም ይመስለኛል?

የጉዱማሌው፣ ዋሽንግተን ዲሲ

እርኩም አይደለም። እርኩም መሬት ላይ ነው የሚሄደው፣ ጥቁር ነው። እሷ የምትለው ዘመዱ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚኖረው። የዚያ ወፍ እናትየዋ ጎድጓዳ ግንድ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትዘጋዋለች። አባትየው ከሦስት ወር በላይ በጠባብ ስንጥቅ ፍሬ ያጎርሳታል። ለጎጆ የሚሆን ጉድጓድ ያለው ያረጀ ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው። ያ ከሄደ ወፉም ይሄዳል።

አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ

እኔ ጣልያን 14 ዓመት ኖሬ የተመለስኩ ነኝ። ከተመለስኩ አምስት ዓመቴ ነው። እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ስለ ወንድምሽ አንድም ሰው አልተናገረም።

ቲቸር ስትታመም ሌሊት ሐኪም ቤት ያመላለሳት ማነው? ጣራው ሲያፈስ የወጣው ማነው? ሾላው በክረምት ቅርንጫፉ ሲወድቅ የጎረቤት ቆርቆሮ ጠግኖ የከፈለውስ? እናንተ በየሦስት ዓመቱ መጥታችሁ ወፍ ታያላችሁ። እሱ ግቢውን በየቀኑ ይጠርጋል። ኑሮው እዚህ ምን እንደደረሰ ሄዳችሁ ገበያ ጠይቁ። ሦስት ክፍል ሰርቪስ ማለት የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ማለት ነው። ቁጥር 842 ያስታመመን ሰው አይቆጥርም።

ፒያሳ፣ ቶሮንቶ

ወንድሜ፣ ይሄ ልክ አይደለም። "እናንተ" አትበለን። የሐኪም ቤቱን ሒሳብ የከፈለው ማነው? እኔ ለእናቴ መድኃኒት ሌሊት መጋዘን ሠርቼ፣ ቀን ታክሲ ነድቼ ነው የላክሁት። ስትሞት አልደረስኩም፤ ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት። ግቢውን አልጠረግሁም ማለት መናገር አልችልም ማለት አይደለም።

አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ

ብር መላክ ቀላል ነው አላልኩም። እኔም ልኬያለሁ። ግን ብሩ ሲደርስ ቆሞ የሚቀበለው፣ ሰልፍ የሚይዘው፣ በሽተኛዋን የሚያገላብጠው ሰው አለ። የእሱ ድካም በደረሰኝ አይመዘገብም። ያን ነው ያልኩት።

ሙዳይ፣ ሪያድ

ሁለታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት። እባካችሁ በቲቸር ቤት ላይ አትጣሉ።

ፒያሳ፣ ቶሮንቶ

አልተጣላሁም። ግን ይህ ነገር በዚህ ውይይት በተነሳ ቁጥር የምንወቀሰው እኛ ነን። የላክነው ይረሳል፣ ያልመጣንበት ይቆጠራል።

አስተባባሪ

ወገኖቼ፣ የላኪና የተቀባዩን ነገር ለብቻው ርዕስ ክፈቱለት። እዚህ የእህታችንን ጥያቄ እንመልስ።

የሾላዋ ልጅ፣ ሚኒሶታ (ለጊዜው ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሞራ ገደል፣ የጻፍከው መጀመሪያ አናደደኝ። ከዚያ ማታ ወንድሜን ስለዚያ የጎረቤት ቆርቆሮ ጠየቅሁት። እውነት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። አልነገረኝም ነበር። እኔም አልጠየቅሁም።

የሒሳብ ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። "ተረጋጋ" የሚለውን በጣቱ ነካው። ምንም ሳይናገር ኮቱ ኪስ ውስጥ ሊያስገባው ሞከረ፤ አልገባም። በእጁ ይዞት ሄደ።

ስለ ሕጉ አላነሳሁበትም። የወራሽነቱን ወረቀት ሰኞ አብረን ፍርድ ቤት ሄደን እንጀምራለን ተባብለናል። ቆራጩ ግን ቅዳሜ ይመጣል። ወንድሜ "ቅርንጫፉን ብቻ ይሆናል፣ እናያለን" ነው ያለው። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ልጄ ይህን ሰምቶ ከትናንት ጀምሮ ግንዱን እየዞረ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ባለ ቆቡ ጎጆ ካለው ለአጎቱ ሊያሳየው።

ሎቄ፣ ላባዎቹን ነገርኩት። አለቀሰ፣ ከዚያ የአያቱ አምስት ብርጭቆዎች ውስጥ ሰካቸው። ቡፌው ላይ ናቸው። አሁን ቡፌውን ለማን እንደምሰጥ ደግሞ አላወቅሁም።

ሙዳይ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬን ሾላው ሥር አስቀምጬ እቀዳልሻለሁ። ስምሽን በውስጥ ላኪልኝ።

የጉዱማሌው፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ውክልናውን ግን በዝርዝር አድርጊው።