ሴኮ 5 በ18 ሰዓት ይቆምብኛል፦ ጥፋቱ የሞላው ነው የግሪሱ?

ሰላም የሙያ ጓደኞች፣ ከጎንደር ፒያሳ ነኝ። ሰዓቱ ሴኮ 5፣ ማሽኑ 7ኤስ26 ነው። እስከ 40 ሰዓት መሄድ ሲገባው በ18 ይቆማል። ማርሾቹ ታጥበዋል፣ ባላንሱም (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ) ሞላው ሙሉ ሲሆን ደህና ይወዛወዛል። ስለዚህ ጥርጣሬዬ የሞላው ቤት፣ ማለትም ሞላው ተጠምጥሞ የሚቀመጥበት ክብ ሣጥን ላይ ነው።

ሞላውን አጥቤ የመለስኩት በጣት ነው፤ ስህተቱም እዚያው ሳይሆን አይቀርም። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ መሶብ ክዳን መሃሉ ሾጠጥ ብሎ ይነሳል። የሞላው ቤት ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይም የሚያብረቀርቅ ክብ ጭረት አለ። በዚያ ላይ ግንዱን (የሞላውን ቤት የመሃል ዘንግ) በፒንሳ ይዤ ሳዞረው 4 ዙር ላይ፣ ምንም ሳይነጥር፣ ለስለስ ብሎ ይንሸራተታል። የቤቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የቀባሁት ተራ ግሪስ ነው።

መጠምጠሚያ (ሞላውን በከበሮ ውስጥ ጠምጥሞ ወደ ቤቱ የሚያስገባ መሣሪያ) አለኝ፤ ግን አንዱ ከበሮ ከሞላው ቤት ይሰፋል፣ ሌላው በ2 ሚሜ ስለሚጠብ የመጨረሻው ጥምጥም ከነምላሱ (የሞላው የውጭ ጫፍ) ውጭ ይቀራል።

በ4 ዙር መንሸራተቱ የግሪሱ ብቻ ሊሆን ይችላል? ቶርኖ ቤት ከነሐስ ከበሮ ባስቀርጽ ከቤቱ ስንት ላሳንሰው፣ 0.3 ሚሜ ይበቃል? የተጣመመውንስ ሞላ ማቃናት ዋጋ አለው፣ ወይስ በቀለበት ተጠምጥሞ የሚመጣ አዲስ ላስመጣ?